ቁልፉ ዛሪማ ይቀመጥ

ዛሪማ ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ አልፎ ወደ አዲ አርቃይና ሽሬ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። እዚህ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር፣ ሌላዋ ጎንደር ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረች የከተማዋ ልጅ። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአካባቢውን ታሪክ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ጥያቄው ይህ ስብስብ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በሚተከል ሰርቨር ላይ ድረ ገጽ ሆኖ ይቀመጥ ወይ፣ ቢቀመጥስ ማን ይጠብቀዋል የሚል ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ያለኝ ይኸው ነው። በደብተር የጻፍኩት አለ፣ በካሴት የቀዳሁት አለ፣ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ ያስተየብኩትም አለ። ጣሊያን የሊማሊሞን መንገድ ሲቆርጥ ያዩ ሽማግሌዎች የነገሩኝ፣ የአርበኞች ታሪክ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የዛፍና የቅጠል ስም ከነመድኃኒትነቱ። ተማሪዎቼ ፌስቡክ ላይ ጫኑት ይሉኛል፤ ሌሎቹ ቴሌግራም ይሻላል ይላሉ። አንቺ ደግሞ ሰርቨር ትያለሽ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ነገርን ለማዳረስ ጥሩ ናቸው፤ አልጣላቸውም። ለማኖር ግን አይሆኑም። ገጹ አንድ ቀን ቢዘጋ አቤት የሚሉበት ቢሮ እዚህ አገር የለም። ደግሞም ዛሬ የለጠፉት በነገው ይሸፈናል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የአንድ ቅጠል ስም የሚፈልግ ልጅ ከየት ጀምሮ ይቆፍር? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየነውን ያስታውሱ። ስልኩ በእጃችን ነበር፤ ቀድመን ያላወረድነውን ፋይል ግን ልንከፍተው አልቻልንም።

መምህሩ፦ ታዲያ ድረ ገጽስ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል?

ባለሙያዋ፦ ሰርቨሩ እዚሁ ከሆነ ይከፈታል። ሰርቨር ማለት ጥያቄ ሲቀርብለት ገጽ የሚልክ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩን ከአንድ ዋይፋይ ራውተር ጋር እናገናኘዋለን። በግቢው ውስጥ ያለ ተማሪ ስልኩን ከዚያ ዋይፋይ ጋር አያይዞ አድራሻውን ሲጽፍ ገጹ ይመጣለታል። ጥያቄውም መልሱም ከግቢው አይወጡም፤ ካርድ አይቆጥርም፣ መስመር ተቆረጠ አልተቆረጠ አይነካውም። መስመር ሲኖር ደግሞ የፈቀዱትን ክፍል ግልባጭ ለዓለም ክፍት በሆነ ሰርቨር ላይ ማውጣት ይቻላል። ዋናው ቅጂ ግን እዚህ ይኖራል።

መምህሩ፦ ለዚህ የሚሆን ማሽን ከየት ይመጣል? የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች አይተሻቸዋል።

ባለሙያዋ፦ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃናል። ሊኑክስን መስኮትና ሥዕል ሳይጨመርበት ብቻውን ከጫንነው በ2 ጊጋባይት ራም ተመችቶት ይሠራል። ላፕቶፕ የምመርጠው ባትሪ ስላለው ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ በጽሑፍ መሃል እንዳይቋረጥ ባትሪው ጊዜ ይሰጠዋል፤ የተለየ ዩፒኤስ መግዛት አያስፈልግም። ዛሪማ እንደ ደባርቅ ብርድ አይደለችም፤ ሙቀት ባትሪ ያሳብጣል፣ አቧራ ማራገቢያ ይደፍናል። ስለዚህ ነፋሻ ክፍል ይፈለግለታል፣ በየጊዜው ተከፍቶ ይጸዳል።

መምህሩ፦ እሺ፣ ማሽኑ ተገኘ እንበል። ከዚያ በኋላ የምትሠሪውን አንድ በአንድ ንገሪኝ። እኔ ያልገባኝን ነገር አደራ አልሰጥም።

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ ዲቢያን የሚባለውን ሊኑክስ እጭናለሁ። እዚህ ያለው መስመር ስለማያስተማምን ሁሉንም ጎንደር ላይ አውርጄ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። በላዩ ሦስት ነገር ይጨመራል። አፓቼ ከተማሪው ስልክ የሚመጣውን ጥያቄ ይቀበላል። ማሪያዲቢ ጽሑፉን ሁሉ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ዳታቤዝ የምንለው እሱ ነው። ፒኤችፒ በመሃል ሆኖ ጽሑፉን ከዳታቤዙ እያወጣ ገጹን ያዘጋጃል። እነዚህ ሦስቱ ከቆሙ በኋላ የይዘት ማስተዳደሪያው ይመጣል። ለዚህ ወርድፕሬስን መርጫለሁ፤ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በእሱ ነው። የሚወርደው የታመቀ ፋይል 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፋይሉን ፈትቼ በቦታው አኖርና የዳታቤዙን ስም፣ ተጠቃሚና የይለፍ ቃል በአንድ ፋይል ውስጥ እሞላለሁ። ከዚያ አሳሹ ላይ ተከፍቶ የገጹን ርእስና የአስተዳዳሪውን ስም ይጠይቃል። ሠሪዎቹ የአምስት ደቂቃ ተከላ ይሉታል፤ ሁሉ ከተዘጋጀ በእውነትም ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

መምህሩ፦ ዋጋውስ?

ባለሙያዋ፦ የለውም፤ ሁሉም ነፃ ሶፍትዌር ነው።

መምህሩ፦ ይኸ ነው የሚያስፈራኝ። ባለቤት የሌለው ነገር ነገ ሠሪው ቢተወው ማንን እንጠይቃለን?

ባለሙያዋ፦ ወርድፕሬስ የተወለደው እንዲህ ካለው መተው ነው፣ ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሚሼል ቫልድሪጊ የሚባል ሰው ቢ2 የሚል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ቆይቶ ሥራውን አቆመ። ከተጠቃሚዎቹ ሁለቱ፣ ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል፣ ፕሮግራሙ ሲሞት ማየት አልፈለጉም። የፈቃድ ውሉ ማንም ሰው ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና መልሶ እንዲያከፋፍል ስለሚፈቅድ ከቆመበት አንስተው ቀጠሉት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ወርድፕሬስ ብለው አወጡት። ማሪያዲቢም ታሪኩ ይመሳሰላል። ማይ ኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በኦራክል እጅ ሊገባ ሲል፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክል ዊደኒየስ ኮዱን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ ቅርንጫፍ አወጣ። ዲቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረተው ኢያን መርዶክ በ2015 አርፏል፤ ዲቢያን ግን አዲስ እትም ማውጣቱን አላቋረጠም። ነፃ ሶፍትዌር ወራሽ የሚከለክል ውል የለበትም። ዛሪማም ከወራሾቹ አንዷ መሆን ትችላለች።

መምህሩ፦ ይኸ ገባኝ፤ ደስም አለኝ። አሁን ወደ እኔ ጽሑፍ እንመለስ። ያስተየብኩት በቪዥዋል ግዕዝ ነው። ባለፈው አንዱ ልጅ በስልኩ ሊከፍተው ቢሞክር የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ወጣ።

ባለሙያዋ፦ ያ የብዙ መሥሪያ ቤት ችግር ነው። ለየፊደሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ3.0 እትሙ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ብዙዎቹም የላቲኖቹን ቁጥሮች ተውሰው ይሠሩ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ከሥሩ ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ስለዚህ የእርስዎ ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ ይለወጣሉ፤ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ። ከተለወጡ በኋላ ግን አንድ ሰው ከደብተሩ ጋር ፊት ለፊት አድርጎ ማረም አለበት። እሱን ማሽን አይሠራልንም።

መምህሩ፦ ዳታቤዙስ ፊደላችንን ያውቃል?

ባለሙያዋ፦ በትክክል ካዘዝነው ያውቃል። አንድ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ የእኛ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። ዳታቤዙ በድሮው የላቲን ሥርዓት ከተከፈተ ጽሑፉን ይቀበልና በፊደሎቹ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ፊደል ደግሞ ከዚያ ዳታቤዝ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 በሚባለው ሥርዓት እከፍተዋለሁ፤ እስከ አራት ባይት ይችላል። አራተኛው ባይት ትርፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጌ ቋንቋዎች ፊደላት አራት ባይት ነው የሚፈልጉት። ነገ አንድ የጉራጌ ልጅ እዚህ መጥቶ ቢያስተምርና ቢጽፍ ቦታ ሊያጣ አይገባም።

መምህሩ፦ መልካም። ፍለጋውስ? እኔ ሠርግን በንጉሡ «ሠ» ነው የምጽፈው።

ባለሙያዋ፦ «ሰርግ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ አያገኝልዎትም፤ ማሽኑ ሁለቱን ፊደላት የማይገናኙ አድርጎ ነው የሚያያቸው። በ«ሀ»፣ በ«አ» እና በ«ጸ» ቤተሰቦችም እንዲሁ ነው። መፍትሔው የእርስዎን አጻጻፍ ማበላሸት አይደለም። በየጽሑፉ ሥር የመፈለጊያ ቃላት የሚገቡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሁለቱንም አጻጻፍ እናስገባለንና በቃላቱ ዝርዝር በኩል ያገኘዋል። ቀኑንም እንዲሁ። ወርድፕሬስ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፍ የተቀዳበትን ዕለት በእኛ አቆጣጠር ከጽሑፉ ራስ ላይ እናሰፍራለን።

መምህሩ፦ አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። እዚያ ላይ የሚጽፈው ማን ነው? ማንም ተማሪ ገብቶ የአርበኛውን ስም ቢለውጥስ?

ባለሙያዋ፦ የይዘት ማስተዳደሪያ የተፈለገው ለዚህ ጥያቄ ነው። ወርድፕሬስ አምስት የሥልጣን ደረጃ አለው። ከታች ያለው ተመዝጋቢ ማንበብ ብቻ ይችላል። ከፍ ሲል አስተዋጽኦ አድራጊው ይጽፋል፣ ግን ማውጣት አይችልም፤ ጽሑፉ ለአርታኢ ይቀርባል። ጸሐፊው የራሱን ብቻ ጽፎ ያወጣል። አርታኢው የሁሉንም ያርማል፣ ያወጣል፣ ይመልሳል። አስተዳዳሪው ከዚያ በላይ ሥርዓቱን ራሱን ይለውጣል። ተማሪዎቹ አስተዋጽኦ አድራጊ ይሁኑ፤ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይጻፉ። አርታኢው እርስዎና የአማርኛው መምህር ይሁኑ። አንድ ገጽ በታረመ ቁጥር የቀድሞው ቅጂ አይጠፋም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይታያል፣ ወደ ነበረበት መመለስም ይቻላል።

መምህሩ፦ እኔ በደብተሬ ስሰርዝ የተሰረዘው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ነበር የምሰርዘው። ይኸ የሚስማማኝ ነገር ነው። ግን ሌላም አለ። ያለፉት ዓመታት ጦርነት በዚህ መንገድ ወጥቶ ወርዷል። ሰዎች የደረሰባቸውን ነግረውኛል፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ጠርተው። ያ ሁሉ አደባባይ ይውጣ?

ባለሙያዋ፦ አይውጣ። ሥርዓቱ አንድን ጽሑፍ የግል አድርጎ ማስቀመጥ ይችላል፤ አርታኢና አስተዳዳሪ ብቻ ያየዋል። እኔ ግን ከዚያም አልፌ የዚህ ዓይነቱ ቃል ሰርቨር ላይ ባይገባ እመርጣለሁ። ዛሬ የግል ያልነው ነገ በአንድ የተሳሳተ ጠቅታ ሊወጣ ይችላል። አገሪቱም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የሰውን መረጃ ለመያዝ ፈቃዱ ይጠየቃል። የነገሩዎት ሰዎች ለደብተርዎ ፈቀዱ እንጂ ለድረ ገጽ አልተጠየቁም። በሕይወት ያሉት እንደገና ይጠየቁ።

መምህሩ፦ እውነት ነው፤ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። አፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ብራናውን ከየቦታው ሲሰበስቡ ብዙው የሄደው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ወሰዱት፤ 350 ገደማ የሚሆነው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። የጎንደር ሰው የራሱን መጽሐፍ ለማንበብ ባሕር ማቋረጥ ግድ ሆነበት። እኔ ጽሑፌ ከዛሪማ ይውጣ ሲሉኝ የምፈራው ይኸንን ስለማውቅ ነው።

ባለሙያዋ፦ የዚያን ታሪክ ቀጣይ ክፍል እኔ ልንገርዎት፤ በእኔ ሙያ በኩል ነው የመጣው። ብራናዎቹ አሁን ያሉት ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የተወሰኑት ፎቶ ተነስተው በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ይነበቡ ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ራይሲዳ የተባለ የወንጀለኞች ቡድን ሰርቨሮቹን ሰብሮ ገባ፤ 20 ቢትኮይን ጠየቀ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም ሲል 600 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን ፋይል በድብቁ ኢንተርኔት ላይ ዘረገፉት። ካታሎጉ እንኳ በከፊል የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ብራናዎቹን በስክሪን ማንበብም ለረጅም ጊዜ አልተቻለም።

መምህሩ፦ እንዲያ ያለ ትልቅ ቤት? ምን ቢጎድለው ነው?

ባለሙያዋ፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ራሳቸው ያወጡት ሪፖርት በግልጽ ይናገራል። የገቡት ከሩቅ ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች በተከፈተ ሰርቨር በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ በዚያ በኩል ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረም። ከስብስቡ ቅጂ ነበራቸው። ነገር ግን ቅጂውን መልሰው የሚያቆሙበት ሥርዓት አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያረጁ ስለነበሩ በአዲስ ማሽን ላይ አልነሳ አሉ። ከዚህ የምንማረው ቅጂ መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቅጂውን መልሶ ማቆም በተግባር መታየት አለበት።

መምህሩ፦ ለዛሪማ ይኸ ምን ማለት ነው? በእኛ ልክ ንገሪኝ።

ባለሙያዋ፦ በእኛ ልክ እንዲህ ነው። የፋይሎቹ ፈቃድ በአግባቡ ይሰጣል፤ ፎልደሩ 755፣ ፋይሉ 644። ነገር እንቢ ሲለው 777 አድርጎ ለማንም የሚከፍት ሰው አለ፤ ያ በሩን ነቅሎ መጣል ነው። ወርድፕሬሱ ለራሱ ዳታቤዝ ብቻ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ይሰጠዋል። ተጨማሪ ፕለጊን አናበዛም፤ ወርድፕሬስ በአብዛኛው የሚሰበረው በፕለጊን በኩል ነው። የዲቢያንና የወርድፕሬስ አፕዴት በወር አንዴ በፍላሽም ቢሆን ይመጣል። ባክአፑ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ጽሑፉ ያለበትን ዳታቤዝና ፎቶና ድምፁ ያለበትን ፎልደር። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ባክአፕ ግማሽ ነው። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ በሰርቨሩ፣ አንዱ በርእሰ መምህሩ ቢሮ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ወይም ጎንደር። አንድ እሳት ወይም አንድ ሌባ ሦስቱንም አያገኛቸውም።

መምህሩ፦ ይኸን ሁሉ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ ነገ ጎንደር ነሽ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ። ቅድም ሠሪው ሲተወው ሌላው አነሳው አልሽኝ። የይለፍ ቃሉ በአንቺ ራስ ውስጥ ብቻ ካለ የዛሪማውን ማን ያነሳዋል?

ባለሙያዋ፦ እሱን በደንብ አላሰብኩበትም ነበር። በስልክ እየደወሉ ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

መምህሩ፦ ስልኩም የሚቋረጥበት ቀን አለ፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። የደብራችንን ዕቃ ቤት አይተሻል? ቄሰ ገበዙ ኃላፊ ነው፤ ንዋየ ቅድሳቱ በመዝገብ ሰፍሯል፤ ሹሙ ሲለወጥ ሰው በተሰበሰበበት በመዝገቡ እየተቆጠረ ተተኪው ይረከባል። አንድ ሰው ቢሞት ዕቃ ቤቱ አብሮት አይቀበርም። ያንቺም ሰርቨር መዝገብና ርክክብ ያስፈልገዋል።

ባለሙያዋ፦ ልክ ነዎት። እንዲህ እናድርገው። የተከላውን እያንዳንዱን እርምጃ በአማርኛ በአንድ ደብተር እጽፋለሁ፤ የትኛው ፕሮግራም፣ ስንተኛ እትም፣ የትኛው ፋይል የት። የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ በትምህርት ቤቱ ካዝና ይቀመጣሉ፤ ሲከፈት ሁለት ሰው ይፈርምበታል። ከአሥረኛና ከአሥራ አንደኛ ክፍል ሁለት ሁለት ተማሪዎች ይመረጡ፤ ከሁለቱም ክፍል ሴትም ወንድም። ትልልቆቹ ሲመረቁ ታናናሾቹ ይረከባሉ፣ እነሱም ተተኪ ያሠለጥናሉ። ተከላውንም እኔ አልሠራውም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እነሱ ይተይቡ።

መምህሩ፦ ለምን? በአንቺ እጅ ቶሎ ያልቅ የለም እንዴ?

ባለሙያዋ፦ ቶሎ ያልቃል፤ ግን የእኔ ሆኖ ይቀራል። አፓቼ ለምን እንቢ እንዳለ መዝገቡን ከፍቶ ያነበበ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ አይደነግጥም። ዳታቤዝ በእጁ የከፈተ ልጅ ነገ የጤና ጣቢያውን ወይም የገበሬዎች ማኅበሩን መረጃ ማደራጀት አያቅተውም። እኔ ይህን ሙያ ለመማር ጎንደር መውጣት ነበረብኝ። እነሱ መጀመሪያውን እዚሁ ቢያዩት የሚወጡት አውቀው ነው።

መምህሩ፦ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይኸን ነበር የምመኘው። እንግዲያው የእኔን ቃል ስሚ። ተከላውን ስታስጨርሺ ደብተሮቼን አልሰጥሽም። መጀመሪያ ልጆቹ የራሳቸውን አሥር ጽሑፍ ያስገቡበት፤ አያቶቻቸውን ጠይቀው። ከዚያ አንቺ ጎንደር ሂጂ። አንቺ በሌለሽበት ሌላ ባዶ ላፕቶፕ እሰጣቸዋለሁ፤ ያንቺን መመሪያና ባክአፑን ብቻ ይዘው ያንኑ ድረ ገጽ ከነፎቶው፣ ከነድምፁ እንደገና ያቁሙት።

ባለሙያዋ፦ ስልክ ቢደውሉልኝስ?

መምህሩ፦ እንዳታነሺው። ካቃታቸው መመሪያሽ ጎድሏል ማለት ነው፤ መጥተሽ ታሟያለሽ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ያለ አንቺ ሲያቆሙት ሰርቨሩ የዛሪማ ሆነ እላለሁ፤ ደብተሮቼንም ካሴቶቼንም ያን ቀን በመዝገብ ቆጥሬ አስረክባቸዋለሁ።

ባለሙያዋ፦ ከዚህ የተሻለ ፈተና እኔም አላወጣም ነበር፣ ጋሼ። ርእሰ መምህሩን ነገ እናነጋግራቸው፤ ልጆቹ ይመረጡ።